ፔዲኪዩር በተሠራሁ በሳምንቴ ተረከዜ ይብሳል፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ለመጻፍ ግን ዛሬ ገና ደፈርኩ። ጉዳዬ ተራ ስለመሰለኝ ብዙ ጊዜ አፍሬ ትቼው ነበር።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ተረከዜ ድሮም ደረቅ ነው። አሁን አሁን ግን ዙሪያውን መሰንጠቅ ጀምሯል። ስቶኪንግ ሳደርግ ክሩን ይመዘዋል። እግሬን ስለማልንከባከብ እንዳይመስልዎት፤ በየሁለት ሳምንቱ ፔዲኪዩር እሠራለሁ። የምትሠራኝ ልጅ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፍና ተረከዜን በምላጭ ትልጠዋለች። የዚያን ዕለት እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል። ሳምንት ሳይሞላው ግን ይሻክራል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ብሶ ይጠጥራል። ባለፈው ደግሞ ጠለቅ አድርጋ ስትልጠው ደማ። ሦስት ቀን አነከስኩ። ለተማሪዎቼ «ጫማ ልጦኝ ነው» አልኳቸው።

ባለቤቴ አንድ ማታ «ኧረ አንሶላውን ልትቀጂው ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ካልሲ ሳላደርግ ተኝቼ አላውቅም። እሱ በርዷት ነው ብሎ ያስባል። ክፍት ጫማዎቼን ሁሉ ለእህቴ ሰጥቻታለሁ።

ልጅቷን «ምላጩን ተዪው» ልላት እፈልጋለሁ። ግን ስንት ዓመት የሠራችኝ ልጅ ናት። ገመናዬን ታውቃለች። ሥራሽን አትችዪም ያልኳት እንዳይመስላት እፈራለሁ። ትቻት ሌላ ጋ ብሄድ ደግሞ የከዳኋት ያህል ይሰማኛል። ፔዲኪዩሩን ጭራሽ ላቁመው? ወይስ በየሳምንቱ ላድርገው?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናቴ ስኳር አለባት። የእሷ እግር ከእኔም የባሰ ደረቅ ነው። ለልደቷ ፔዲኪዩር ልጋብዛት አስቤያለሁ። ደስ ይላታል ብዬ ነው። ጥሩ ነው?

እግሯን የደበቀችው

*

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። በተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ማስተማር ተራ ነገር አይደለም። ስንጥቁ ጠለቅ ሲል እያንዳንዷ እርምጃ እንደምታም ያየው ያውቀዋል።

ስላንቺ ከማውራቴ በፊት ግን የእናትሽን ላስቀድም። ያንቺ ጥቂት ቀን ቢቆይ ግድ የለም፤ የሳቸው ግን ቀልድ አያውቅም። እባክሽ ያን ግብዣ ተዪው። ስኳር ከሰውነት ጋር ዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፣ ወደ እግር የሚሄደውንም ደም ሊቀንስ ይችላል። ነርቩ ሲደክም ሰውየው ምላጭ ቢቆርጠው አይሰማው፣ ውሃው ቢያቃጥለው አይሰማው። ደሙ በደንብ ካልደረሰ ደግሞ ትንሿ ቁስል አትድንም። ትቆይና ታመረቅዛለች። ብዙ እግር የተቆረጠው በእንዲህ ያለች ከቁብ ባልተቆጠረች ቁስል ተጀምሮ ነው። ስለዚህ ለእናትሽ ምላጭ የለም፣ እግር መዘፍዘፍ የለም፣ ቆዳ የሚልጥ ኬሚካልም የለም።

ደስ ልታሰኚያቸው ከፈለግሽ ማታ ማታ ራስሽ ተቀመጪና እግራቸውን ቀቢያቸው። ከላይም ከሥርም ቅባት ይነካ፤ በጣቶቻቸው መሃል ግን አይግባ። እዚያ እርጥበት ሲታመቅ ፈንገስ ይራባል። እየቀባሽ በደንብ እያቸው። ቀላ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የተላጠ፣ ጥቁር ያለ ነገር አለ? በየቀኑ መታየት አለበት፤ የራሳቸው ውስጥ እግር ለራሳቸው አይታያቸው ይሆናል። ቁስል ካየሽ «ይድናል» ብለሽ ሳትጠብቂ ለሐኪም አሳዪ። ምንም ባይኖርም ቢያንስ በዓመት አንዴ እግራቸው በባለሙያ ይመርመር። ለልደታቸው የማይቆረቁር፣ ለጣት ሰፋ ያለ ጫማ ግዢላቸው። ከማንኛውም የጥፍር ቀለም ይበልጣል።

አሁን ወዳንቺ እንመለስ።

ውስጥ እግራችን ለምን እንዲህ እንደሚደርቅ ልንገርሽ፤ ስታውቂው ግማሹ ሐፍረት ይለቅሻል። ሌላው ቆዳችን ወዝ የሚያመነጩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉት። ፊትሽ የሚያብረቀርቀው በእነሱ ነው። ውስጥ እግር ግን እነዚህ ዕጢዎች ጭራሽ የሉትም። ያለው ላብ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሰውነት ወፍራሙ ቆዳ እዚያ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ስትቆሚበት ደግሞ ሰውነትሽ ራሱን ለመከላከል የበለጠ ያወፍረዋል። ክብደትሽ ሲያርፍበት ከተረከዝሽ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ጎን ይለጠጣል። ቆዳው እርጥበት ካለው አብሮ ይለጠጣል፤ ከደረቀ ግን አይታዘዝም፣ ይተረተራል። ስንጥቁ ዙሪያውን የሚጀምረው ለዚህ ነው። ከኋላ ክፍት የሆነ ጫማም ሥጋውን የሚደግፍ ነገር ስለሌለው ያብሰዋል።

ስለዚህ የተሰነጠቀ ተረከዝ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ መታጠብ፣ በተለይ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ያለችውንም ጥቂት እርጥበት ያሟጥጣታል። እግሩን በቀን ሦስት ጊዜ እየታጠበ የሚሰነጠቅበት ሰው አለ።

ምላጩስ? ልጅቷ ስትልጠው የሚለሰልሰው የጠጠረው ቆዳ ስለተነሳ ነው። ግን የጠጠረበትን ምክንያት ማን ነካው? ድርቀቱ እንዳለ ነው፣ መቆሙም እንዳለ ነው። ሰውነትሽ ጋሻው ሲገፈፍ «ተጠቃሁ» ብሎ መልሶ ይገነባዋል። አንቺ በየሁለት ሳምንቱ ታፈርሻለሽ፣ እሱ በየሁለት ሳምንቱ ያጠነክራል። በየሳምንቱ ላድርገው ወይ ላልሽው መልሱ ይኸው ነው፤ አታድርጊው። በዚያ ላይ ምላጭ ልኩን አያውቅም። የሞተው ቆዳ አልቆ ሕያው ሥጋ የሚጀምርበትን ቦታ በእጅ ግምት መለየት ያስቸግራል። ደም ከወጣ ለጀርም በሩ ተከፈተ ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ግዛት የውበት ሳሎኖች የጠጠረ ቆዳ በምላጭ እንዳይቆርጡ ደንብ ይከለክላቸዋል። ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ፔዲኪዩሩን ላቁም ብለሽኛል። አይ፣ አታቁሚ። እኔ ፔዲኪዩር እወዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ቆሞ የሚውል እግር አንድ ሰዓት ቢቀመጥና ሰው ቢያገለግለው ሲያንሰው ነው። ግን ከፔዲኪዩር የማይሆን ነገር አትጠብቂ። ጥፍር ያስተካክላል፣ ሻካራውን ያለዝባል፣ መንፈስ ያድሳል። ድርቀትን የሚያድነው ግን ማታ ማታ ቤትሽ የምታደርጊው ነገር ነው። እሱን ከያዝሽ ፔዲኪዩሩ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ ይበቃሻል።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። አትዘፍዝፊው፤ ቢበዛ አሥር ደቂቃ። በፎጣ እየጫንሽ አድርቂው፣ አትሹት፤ በጣቶችሽ መሃልም አድርቂ። ከዚያ ቆዳው እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ቅባቱን ቀቢ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ይዘፈዝፍና ሳይቀባ ይተኛል። ውሃው ሲተን ቆዳው ከበፊቱ ብሶ ይደርቃል።

ቅባቱ ምን ይሁን? ፋርማሲ ሄደሽ ዩሪያ ያለበት የእግር ክሬም ጠይቂ። ዩሪያ ውሃ ወደ ቆዳ ይስባል፣ የጠጠረውንም ቀስ እያለ ያላላል። ከ10 እስከ 25 በመቶ ያለው ላንቺ ይበቃል። 40 በመቶ የሚባለው ለጠጠረ ቦታ ብቻ የሚቀባ ኃይለኛ ነው፤ ሐኪም ሳያይሽ አትጀምሪበት። አሁን ግን ተረከዝሽ ደምቶ ስለነበር ዩሪያው ክፉኛ ሊያቃጥልሽ ይችላል። ቁስሉ እስኪዘጋ ቫዝሊን ብቻ ወፈር አድርገሽ ቀቢበት። ቫዝሊን ራሱ እርጥበት አይሰጥም፤ ያለውን እርጥበት ግን እንዳይወጣ ይዘጋዋል። ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ዩሪያውን ከሥር፣ ቫዝሊኑን ከላይ ማድረግ ትችያለሽ። ዩሪያ ያለበት ካጣሽ ግሊሰሪንም ጥሩ ነው።

ከላዩ የጥጥ ካልሲ አድርጊ። እንግዲህ ካልሲ ለብሶ መተኛቱን ለምደሽዋል! እስከ ዛሬ ለመደበቂያ ነበር፣ ካሁን በኋላ መድኃኒት ይሁን።

መፈተጊያ ድንጋይ ካለሽ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ከታጠብሽ በኋላ በስሱ ተጠቀሚበት። ጥቂት ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፊው፣ ከዚያ አቁሚ። አንድ ቀን ሙልጭ ላድርገው አትበዪ። ስንጥቁ ክፍት እያለ ደግሞ ድንጋዩን አትንኪው። ሎሚ፣ ጨው፣ ቤኪንግ ፓውደር እያሉ የሚመክሩሽም አይጠፉም። በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሎሚ ማድረግ መቃጠል ብቻ ነው ትርፉ።

በቀን ደግሞ ከኋላ የተዘጋና ሶሉ ለስለስ ያለ ጫማ አድርጊ። ክፍል ውስጥ ወንበር ካለ አልፎ አልፎ ተቀመጪ። አስተማሪ ሁልጊዜ መቆም አለበት ያለው ማነው?

በዚህ ሁኔታ ልስላሴው በጥቂት ቀናት ይታይሻል። ስንጥቁ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። አራት ሳምንት ያህል ሳታቋርጪ አድርገሽው ለውጥ ከሌለ ነገሩ ተራ ድርቀት ላይሆን ይችላል። የእግር ፈንገስ ብዙ ጊዜ ድርቀት መስሎ ነው የሚመጣው። ውስጥ እግሩን ሙሉ ዱቄት የነሰነሱበት ያስመስለዋል፣ በቆዳው መስመሮች ላይ ነጭ ነጭ ይላል። በጣቶች መሃል ሊያሳክክ ይችላል፣ ጥፍርም ይወፍርና ቢጫ ይሆናል። ይህን ክሬም አያድነውም፤ የፈንገስ መድኃኒት ነው የሚፈልገው። ኤክዚማና ሶሪያሲስ የሚባሉት የቆዳ ሕመሞች፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ እነዚህም እግር ያደርቃሉ። እናትሽ ስኳር ካለባቸው አንቺም አጋጣሚውን ተጠቅመሽ ብትመረመሪ አይከፋም። የደማው ቦታ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን አራት ሳምንቱን አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ታዪ።

ወደ ልጅቷ ልምጣ። እውነቴን ልንገርሽ፣ ከተረከዝሽ ይልቅ ይሉኝታሽ ነው ያሳሰበኝ። ደምተሽ፣ አንክሰሽ፣ ተማሪዎችሽን ዋሽተሽ፣ እሷ ግን እስካሁን አታውቅም። እስቲ ቦታ ቀይረሽ አስቢው። አንድ ተማሪሽ የምታስተምሪው ሳይገባው ዓመት ሙሉ «እንዳይከፋት» ብሎ ዝም ቢልሽ ደስ ይልሻል? ወይስ «ምነው ቀድመህ በነገርከኝ» ትያለሽ? ልጅቷ ገመናሽን የያዘችልሽ ሰው ከሆነች ይህችን ለመስማት የምታንስ አይመስለኝም።

ራስሽንም አንድ ነገር ጠይቂ። የምትፈሪው እሷ እንዳይከፋት ነው? ወይስ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብለሽ ቆይተሽ አሁን መናገሩ ነው ያሳፈረሽ? ሁለተኛው ከሆነ ቀላል ነው። ስላለፈው ማብራሪያ የጠየቀሽ የለም።

ስትነግሪያት ስለ እሷ ሥራ ሳይሆን ስለ አንቺ ቆዳ ተናገሪ። እግርሽን ውሃ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ይሁን። ምላጩን ካነሳች በኋላ መናገር ለሁለታችሁም ይከብዳል። እንዲህ በያት፦ «ስሚ የኔ ቆንጆ፣ ባለፈው ተረከዜ ደምቶ ሦስት ቀን አነከስኩ። ቆዳዬ ምላጭ አልቻለም። ካሁን በኋላ በመፈተጊያ ብቻ በስሱ አድርጊልኝ፣ ሌላውን ክሬም ጀምሬያለሁ።» በቃ። ይቅርታ አታብዢ፣ ምክንያት አትደርድሪ። ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ሲባሉ እፎይ ይላሉ፤ ምላጩን የሚያነሱት ደንበኛው «ሙልጭ ካላለ አልተሠራሁም» ስለሚላቸው ነው። «ምላጭ ካልነካው አይለቅም» ብላ ድርቅ ካለች ግን «እንግዲያው ዛሬ ጥፍሬን ብቻ ሥሪልኝ» በያት። ለአንድ ተረከዝ የተጠየቀችውን ካልሰማች ሌላ ጋ መሄድሽ ክህደት አይሆንም።

እግረ መንገድሽን የምትሠራበትን ዕቃ ልብ ብለሽ እዪ። ብረት የሆነው ሁሉ ከደንበኛ ደንበኛ ታጥቦ መምከን አለበት። አውቶክሌቭ የሚባለው በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ማሽን ዕቃውን እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ ያመክናል። ሰማያዊ መብራት ያላት ትንሽ ሳጥን ግን ብዙ ሳሎን ብትኖርም የማምከኑን ሥራ አትሠራም፤ የጸዳውን ማስቀመጫ ናት። ድንጋይ፣ የካርቶን መሞረጃና እንጨት በደንብ የሚጸዱ አይደሉምና የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። ጥፍርሽን ቀጥ አድርጋ ትቁረጠው፤ ጥጉ ከተከረከመ ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በጥፍርሽ ሥር ያለውን ስስ ቆዳም አትቁረጠው፣ ወደ ኋላ ትግፋው።

ውሃ የሚያሽከረክር የእግር ገንዳ ካላቸው በየደንበኛው መሃል በማጽጃ እንደሚታጠብ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ሳሎን ከ100 በላይ ደንበኞች እግራቸው ላይ እብጠትና ቁስል ወጥቶባቸው ነበር። ምንጩ ሲፈለግ የገንዳው ማጣሪያ ወንፊት ኋላ ፀጉርና ቆዳ ተከማችቶ ባክቴሪያ ተራብቶበት ተገኘ። ይበልጥ የተጠቁት ቀደም ብለው እግራቸውን የተላጩት ነበሩ። ስለዚህ ቀጠሮሽ በደረሰበት ቀን ወይም በዋዜማው የእግርሽን ፀጉር አትላጪ። ገንዳ ከሌለና ተራ ሳፋ ከሆነ እንዲያውም ለማጽዳት ይቀላል።

ባለቤትሽን በሚመለከት ብዙ አልልም። ቀልዱ ክፋት ያለው አልመሰለኝም፤ አብረሽው ስለሳቅሽ እንዳመመሽ አያውቅም። ደስ ባለው ሰዓት «ያን ቀን የቀለድከው ከበደኝ፣ ካልሲውም የብርድ አይደለም» ብትይው ምን ይል ይመስልሻል? አንቺ ታውቂዋለሽ። የሚሰማ ሰው ከሆነ ቅባቱን እጁ ላይ ጨምቂለትና ግራ እግርሽን ዘርጊለት። የማይሰማ ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ነው፤ ጻፊልኝ።

ለጊዜው ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ምንም ዓይነት ፔዲኪዩር እንዳትሠሪ። ዛሬውኑ ደውለሽ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በሦስት ሳምንት አራዝሚው። ለምን ብላ ከጠየቀችሽ ምክንያቱን እዚያው በስልክ ንገሪያት፤ ፊት ለፊት ከመናገር ይቀልልሻል።